የተረፉት ሁለት ዘይቱኖች

ባለፈው ሳምንት ከከዚራ ወደ ሰፈሬ ሳቢያን በባጃጅ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በዘንቢል የበሰለ ዘይቱን ይዛ ነበርና ሽታው ባጃጇን ሞላት፤ እኔም ሽማግሌነቴን ረስቼ፣ ቀፊራ ገበያ እናቴ ከዘረጋችው ጆንያ ጎን የተቀመጥኩ መሰለኝ።

እናቴ ከገጠሩ ከዋሂል ተድራ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ፍራፍሬ ሻጭ ነበረች፤ አባቴ ደግሞ ጋሪ ነጂ። በበጋ ፀሐዩ ሳይበረታ ከእናቴ ጋር ገበያ ወርጄ፣ ዘይቱኑን እየቆጠርኩ ስድስት ስድስት አድርጌ በመደብ እደረድር ነበር። መደብ የማይሞላ ትርፍ በእኛ ዘንድ አይቆጠርም፤ ለገዢ ምራቂ ሆኖ ይሄዳል። እጄ ፈጣን ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው፤ ጎረቤት ነጋዴዎች እንኳ «ያንን ልጅ ለአንድ ቀን አውሺን» እያሉ እናቴን ይለምኗት ነበር።

ይህ ፈጣን እጅ ግን ትምህርት ቤት ሲገባ ይተሳሰር ነበር። ሦስተኛ ክፍልን በሒሳብ ወድቄ እየደገምኩ ነበር፤ በእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ በተከታታይ ሁለት ዓመት የወደቀ ልጅ ይሰናበታል። የበልግ ዝናብ ሲጀምር የማካፈል ፈተና ተፈትነን፣ ወረቀቴ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመለሰልኝ። አባቴ አልተቆጣም፤ ማጭድ ገዝቶ መጣ።

«ሰኔ ላይ ከወደቅክ ለፈረሱ ሣር ታጭዳለህ። እኔን ወገቤ እምቢ ብሎኛል፣ አቦ» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዞ ከአልጋው ሲነሳ አየው ነበር። ማጭዱን ከበሩ በላይ ሰቀለውና፣ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም በሥሩ አልፍ ጀመር።

በዚያው ሳምንት ገበያ ሄጄ፣ ወረቀቱን እናቴ ጭን ላይ ጥዬ፣ «እማ፣ እኔ ደደብ ነኝ፤ ሒሳብ አልችልም» ብዬ አለቀስኩ። ሌላ እናት ብትሆን ወይ ታባብለኛለች ወይ ትቆነጥጠኛለች። የእኔ እናት ግን ለ«አልችልም» ጆሮ አልነበራትም፤ ሁልጊዜ «በስንት መንገድ ሞከርክ?» ብላ ትጠይቀን ነበር። ያን ቀንም ጠየቀችኝና የጆንያውን አፍ ፈታች።

«ከሳትካቸው አንዱን እዚህ ሥራልኝ።»

ጥያቄው ሃያ ለስድስት ሲካፈል የሚል ነበር። ሃያ ዘይቱን ቆጥሬ፣ ዓይኔን ሳላሽ ሦስት መደብ ደርድሬ «ሦስት!» አልኩና፣ ከተረፉት ሁለት ዘይቱኖች አንዱን አጠገባችን ለተቀመጠችው ታናሽ እህቴ ወርውሬ ሌላውን ገመጥኩ።

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። «ስንት ነበር የቆጠርከው?»

«ሃያ።»

«እስቲ ሃያውን አሳየኝ።»

«ሁለቱማ ምራቂ ናቸው፣ እማ!»

«ወላሂ ለጋስ ነህ! ለማን ነው የመረቅከው? ገዢ መጥቷል? ወይስ አስተማሪህ ዘይቱን ሊገዛህ ነው?»

እህቴ አፏን እንደሞላች ሳቀች። እኔ ግን የገመጥኩትን አስቀመጥኩ። ወረቀቱን አንስቼ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አየሁት። ቀይ የተጫረባቸው ሁሉ ትርፍ ያላቸው ጥያቄዎች ነበሩ፤ ትርፍ የሌላቸውን አንዱንም አልሳትኩም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ገበያ ሰው ቀሪውን እየመረቅኩ ኖሯል የምወድቀው! ይህን መርምሬ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ መልሱን አልነገረችኝም።

በማግስቱ «ሂድና ለአስተማሪህ ንገረው» ብላ ስላስገደደችኝ፣ ጠረጴዛው ጋ ቀርቤ፣ «ጋሼ፣ ቀሪውን ያልጻፍኩት ምራቂ ነው ብዬ ነው» አልኩት። አስተማሪዬ መጀመሪያ አልገባውም። ዘይቱኑንና መደቡን አስረድቼው ሲገባው ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀና፣ «ለሰው ሁሉ ስትመርቅ ምናለ ለእኔ አንድ እንኳ ብታመጣልኝ!» አለኝ። እስከዚያ ቀን «አንተ ደጋሚ» ነበር የሚለኝ፤ ከዚያ በኋላ በስሜ ጠራኝ።

ሰኔ ላይ አለፍኩ። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ በሒሳብ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣሁ፤ የቀደሙኝ ሁለቱ ዛሬ የት እንዳሉ ባልናገር ይሻላል። አባቴ ውጤቴን በእህቴ አስነብቦ ሲያበቃ ማጭዱን ከበሩ አውርዶ፣ በአንድ እጁ ወገቡን ደግፎ ወደ ሣሩ ሄደ። ደስታዬ እዚያው በሩ ላይ ጎደለ። ክረምቱን በሙሉ ማንም ሳያዘኝ እኔ አጨድኩለት።

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ አባቴ ጭራሽ ሲተኛ ጋሪውን ተረከብኩ። የቀረውን ግን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የውሃ ፓምፕ ፈትቶ መግጠም ማንም አላሳየኝም፤ ዛሬ በሳቢያን የእኔ እጅ ያልነካው ፓምፕ የለም። በአራት ቋንቋ አነባለሁ፤ ኢንጂነር የተባሉ ልጆች ሳይቀሩ ሲጨንቃቸው በሬን ያንኳኳሉ።

ሆኖም የልጄ ልጅ ሱመያ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ደብተሯን ይዛ «አባባ፣ አልቻልኩም» ስትለኝ፣ ጥያቄውን ሳትጨርስ መልሱን እነግራታለሁ። ማወቄን እንድታይ ነዋ! በቀደም ግን ከትምህርት ቤት አኩርፋ መጥታ፣ «አንተ ስትነግረኝ ይገባኛል፤ እዚያ ስደርስ ይጠፋብኛል» አለችኝ። እናቴ ከደብተሩ አንዲት ፊደል ማንበብ አትችልም ነበር፤ እኔ ሁሉንም አነባለሁ። ያም ሆኖ ከሁለታችን ልጅ ማስተማር የቻለችው እሷ ናት።

ዛሬ ከሰዓት ሱመያ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። መልሱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። «እስቲ ሞክሪውና ጥሪኝ» አልኳትና ወጥቼ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆምኩ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚህ የከበደኝ የለም። ከውስጥ እርሳሷ ይጭራል፤ ይቆማል፤ ላጲሱ ይፍቃል፤ እንደገና ይጭራል። ገና አልጠራችኝም፤ እኔም አልገባሁም።