የጉንጯ ህዋስ

ጣቴን ሰማያዊ ቀለም በነካው ቁጥር ልቤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ከቀለሙ ማምለጫ የለኝም። ዛሬም ክፍል ውስጥ ነካኝ፤ በሳሙና አሽቼ አሽቼ አልለቅ ሲለኝ ያ የላሊበላ ረፋድ መጣብኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። መምህራችን ማይክሮስኮፕ ከወልድያ ለአንድ ቀን ተውሶ አመጣ። መብራት ስላልነበረ ጠረጴዛውን ግቢ አወጣና ከመሣሪያው ሥር ያለችውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞራት። ህዋስን መጀመሪያ ያየው ሰው ስስ የቡሽ ቁራጭ ሲመለከት የመነኮሳት ክፍል እንደመሰለው ነገረን። ይሄ ለእኛ አልከበደንም፤ ዓለት ውስጥ የተፈለፈሉ በዓቶችን እያየን ነው ያደግነው። "ህዋስ ደግሞ ከህዋስ እንጂ ከሌላ አይገኝም" አለ። እኔ ግን ጆሮም አልሰጠሁት፤ ደመናው ወደ ፀሐይ እየተጠጋ ነበር።

ጓደኛዬ፣ የቄሱ ልጅ፣ ከእኔም ብሳ ትቁነጠነጣለች። "የሽንኩርቱን ህዋስ ለእናንተ፤ እኔ የራሴን ነው የማየው" ስትል ነበር የሰነበተችው። መምህሩ "ጉንጫችሁን ከውስጥ በስቴኪኒ ፋቅ ፋቅ አድርጉ" ሲል ግን እጇን ሰበሰበች።

"ቆርቤያለሁ" አለች።

የማርያም ዕለት ነበር፤ ከቅዳሴ ነው የመጣችው። የቆረበ ሰው እንኳን ጉንጩን ሊፍቅ ምራቁንም አይተፋም። መምህሩ ሰማዩን እያየ "ነገ እኮ መሣሪያው የለም" አላት።

"አውቃለሁ ቲቸር" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። የራሴን ጉንጭ እስኪደማ ፍቄ ስላይዱ ላይ ቀባሁት፣ ሰማያዊውን ጠብ አደረግሁበት። "አብሽሪ፣ ነይ የእኔን እይ!"

ጎንበስ ብላ ቀረች። ከኋላ የተሰለፈው "ኧረ ደመናው!" እያለ ይጮሃል፣ እሷ ወይ ፍንክች።

"ወይኔ፣ እንዲህ ነሽ?" አለች በመጨረሻ። "የእኔን ሌላ ጊዜ ታሳዪኛለሽ።"

"እሺ" አልኳት።

ሌላ ጊዜ አልመጣም። ፍላቂት ወደምትባል ከተማ ተዳረች፤ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ አረፈች። እኔ ኮሌጅ ነበርኩ፣ ቀብሯ ላይ እንኳ አልደረስኩም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዛሬ ጣቴን ያቀለመችው የመጀመሪያ ልጇ ናት። አያቷ ቄሱ ዘንድ ሆና ልትማር ዘንድሮ መጥታለች። ጉንጯን ፍቃ ስላይዱን እያቀበለችኝ "ቲቸር፣ ትክክል ነው?" አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። ፈዘዝ ያሉ ሰማያዊ ህዋሶች፣ መሐላቸው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ። ህዋስ ከህዋስ እንጂ ከሌላ አይገኝም። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ከኋላዬ ተንጫጩ፤ እኔ ግን መነሳት አቃተኝ።

"ትክክል ነው" አልኳት እንደምንም። "ነይ፣ የራስሽን እይ።"