ከሞተው ኮምፒውተር የወጣችው ፎቶ

የሰፈሩ ሰው ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ «ቀና በሉ» ነው የሚላት። ፎቶ ቤቷ ገብቶ በርጩማዋ ላይ ያልተቀመጠ ሰው የለም፤ የተቀመጠ ሁሉ ደግሞ ያቺን ቃል ሰምቷል። «ቀና በሉ… አገጭ ትንሽ ዝቅ… አይሳቁ እንጂ፣ የመታወቂያ እኮ ነው!» ሙሽራም ይምጣ ሹፌር፣ ከእጇ የሚወጣው ተተኩሶ እንደተጣጠፈ ሸሚዝ ተስተካክሎ ነው። ብጉሩን ታጠፋለች፣ ጀርባውን ታነጣለች፣ ትቆርጣለች፣ ታትማለች። አንድ አመል ግን አላት፤ ያነሳችውን አትሰርዝም። ዓይኑን የጨፈነው፣ ያዛጋው፣ ያስነጠሰው ሁሉ ኮምፒውተሯ ውስጥ ነው። ሲስቁባት «ሰው እኮ ነው፣ እንዴት አድርጌ ልጣለው?» ትላለች።

ታዲያ ይቺ ሴት እናቷ ሲያርፉ አላለቀሰችም። ሌላው ደረት ሲደቃ እሷ ወንበር ስትደረድር፣ ብርጭቆ ስታጥብ ከረመች። «ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጣት?» አሉ ዘመዶቿ፤ ዘመድ መቼም አፉ አያርፍም። እውነቱን ለመናገር ግን እሷም ራሷን ፈርታለች። ምንም አይሰማትም። ጥርስ ሊነቀል ሲል ሐኪም እንደሚያደነዝዘው ድድ ሆናለች፤ ብትነካውም የራሷ አይመስላትም። ሱቋን ከፍታ ሥራ ጀመረች፤ ምን ታድርግ?

ከሌላ ከተማ ለለቅሶ የመጣችው ታላቅ እህቷ ነገሩ አንገብግቧታል። በማግስቱ ልትመለስ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሱቅ ድረስ መጣችና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«እንዲያው ሌላው ቢቀር አንድ ፎቶ? የአገሩን ፊት ስታነሺ ኖረሽ፣ የእማን አንድ ፎቶ ታጪልኝ? ባዶ እጄን ልሂድ?»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ደግሞም እናቲቱ ራሳቸው ፎቶ አይወዱም ነበር። «መልኬ ካለፈ በኋላ ምኔን ልታነሺ ነው?» እያሉ ያመልጣሉ። የተነሱት አንዴ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የታመሙ ጊዜ፣ መታወቂያ ለማሳደስ። መታወቂያው በሆስፒታል ምልልስ የት እንደወደቀ አልታወቀም። የፎቶው ቅጂ ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ቀን ጭስ ጭስ ሸትቶ ድርግም እንዳለ ቀረ፤ አሁን ባንኮኒው ስር ማራገቢያ ተሸክሞ ይኖራል።

«እዚያ ውስጥ ነበረች» አለች ቀና በሉ፣ በእግሯ እያሳየች።

«ነበረች? እና ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ? ተነሺ!»

ተሸክመው ሁለት በር አልፎ ወዳለው ጠጋኝ ወሰዱት። ጠጋኙን «ካቻቪቴ» ይሉታል፤ ካቻቪቴ ከጆሮው ላይ ወርዶ አያውቅም፤ ሲተኛም አያወርደው እንደሆን ሚስቱ ትወቅ። ብሎኖቹን ፈታ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ አየት አየት አደረገና ጡብ የምታክል ብረት መዘዘ።

«የተቃጠለው ማዘርቦርዱ ነው። ፎቶዎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ግን ደህና ይመስላል። ቤቱ ነደደ እንጂ ሰዎቹ ወጥተዋል በይው። ኬዝ ውስጥ ከትቼ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኘዋለሁ፤ እንደ ፍላሽ ነው፣ ሆዱ ሰፋ ይላል እንጂ። ከእንግዲህ የፎቶሽ ጎተራ ይሆናል።»

ኬዝ የሚለው ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ዲስኩን ከተተው፤ የትልቅ ኮምፒውተር ዲስክ ስለሆነ የላፕቶፑ ኃይል አይበቃውምና ለብቻው ግድግዳ ላይ ሰካው። ብረቱ እርር እያለ መዞር ጀመረ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ፤ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ?

«አዎ በለው እንጂ! ምን ይገትርሃል?» እህትየው ጣቷን ሰደደች።

ካቻቪቴ እጇን አየር ላይ ቀለባት። «ኧረ በሕግ! ፎርማት ማለት እኮ ሙልጭ አድርጎ መጥረግ ነው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

እህትየው ክው አለች። ቀና በሉ ግን እዚያው ቆማ ታያለች። ቢጠፋም ኖሮ «እሺ» ብላ ወደ ሱቋ የምትመለስ መሰላት፤ ያስፈራትም ይሄው ነው። የእናቷ የመጨረሻ መልክ በአንድ ጣት ሊጠረግ ሲል ልቧ እንዴት አይደነግጥም? ምን ሆናለች?

ካቻቪቴ ገመዱን ነቀለ። «ከዚህ ኬዝ ጋር አልተግባባም፤ ይሆናል አንዳንዴ» ብሎ ከመሳቢያው ሌላ አወጣ። እንደገና ሰካ። ብረቱ ዞረ፣ ዞረ… ከዚያ ፎልደሮቹ ዝርግፍ አሉ። ከነማዛጋታቸው፣ ከነማስነጠሳቸው የሰፈሩ ሰዎች በሙሉ!

«በይ ተቀመጪ፣ ጎተራሽ ነው» አላት።

ብዙ አልፈለገችም፤ የት እንዳስቀመጠቻት እጇ ያውቃል። ከፈተቻት። ነጭ ጀርባ፣ ቀጥ ያለ ትከሻ፣ የተገጠመ ከንፈር። እህትየው «እማዬ!» ብላ ተንሰቀሰቀች። ካቻቪቴም ፊቱን አዙሮ የጠበቀ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

ቀና በሉ ግን ምንም አልተሰማትም። ማዲያቱን ያጠፋችው ራሷ ናት፣ ትከሻውን ያስተካከለችው ራሷ ናት። የአንድ ደንበኛ ፎቶ ነው፤ ሥራው ደግሞ ጥሩ ነው።

«ሌላ የለም? ይሄ ኮስተር አለብኝ» አለች እህትየው አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አንድ የተበላሸ አለ።»

የተበላሸውን ከፈተችው። ያልተቆረጠ፣ ያልነጣ ነው። እናታቸው በርጩማው ላይ ወደ ኋላ ዘመም ብለው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ትከሻና ትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው ጣቶች አሉ። ከኋላቸው ጎንበስ ያለ ጭንቅላት ጸጉሩ ብቻ ይታያል።

እህትየው ዓይኗን አላነሳችም። «እንዴት ነው የሳቀችው? ምን ብለሻት ነው?»

«ብቻዋን መቀመጥ አቅቷት ነበር። ካሜራዋን ሰዓት ሞልቼ በራሷ እንድታነሳ አድርጌ፣ ሮጬ ከኋላ ደገፍኳት። ‹እማ፣ ቀና በይ› ስላት ‹ብቀና ኖሮ አንቺ ከኋላዬ ምን ትሠሪ ነበር?› አለችኝ። ካሜራዋ ያኔ ቀጭ አለች። ጥርስ ስለታየ ለመታወቂያ አልሆነም፤ ሁለተኛ አነሳኋት።»

«ይቺ ናት! እማ ማለት ይቺ ናት! ይቺን አትሚልኝ፣ ትልቅ አድርገሽ። እነዚህን ጣቶች ብቻ አጥፊያቸው፣ ትችዪ የለ?»

ይሄማ ለሷ ምኗም አይደል፤ በመታወቂያዋም ፎቶ ላይ ያጠፋቻቸው እነዚሁኑ ጣቶች ነው። ማውሱን ያዘች። ግራ ትከሻው ላይ ወዳለችው ትንሿ ጣት አስጠጋች። እጇ ቆመ። ልትጫን ፈለገች፤ እጇ እምቢ አለ። መዳፏ ውስጥ የእናቷ ክብደት ገባ፤ ያ የከሳ ትከሻ፣ በቀሚሱ ውስጥ የሚሞቀው፣ ሲስቅ የሚንቀጠቀጠው። ያን ቀን «ልልቀቅሽ እማ?» ብላ ነበር፤ «ትንሽ ቆዪ» ነበር ያሏት።

«ምነው?» አለች እህትየው። ጠጋ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ጣቶቹን፣ ከዚያ ማውሱን የያዘውን እጅ። «ተያቸው… እንዳሉ ይሁኑ» አለች ቀስ ብላ።

ቀና በሉ ማውሱን ለቀቀች። ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እጄ ደከመኝ» አለች። ከዚያም በሰው ሱቅ፣ በሰው ወንበር ላይ፣ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።