ካፖርት ፍለጋ በአሰብ

ከደብረ ብርሃን ለመነሣት ስዘጋጅ፣ በዋዜማው ማታ፣ እናቴ ሻንጣዬን ስትፈታና ስታስር አመሸች። መጀመሪያ በሶ ጨመረች፣ ቀጥላ ሚጥሚጣ፣ በመጨረሻ እኔ ያላየኋት መስሏት የሱፍ ካልሲ ከሥር ወሸቀች።

«እማዬ፣ አሰብ እኮ ሙቀት ነው» አልኳት።

«ቀን ይሆናላ። ሌሊት የማይበርድ አገር የት አለ?»

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሬ ዲግሪ ይዤ፣ አሰብ በአስተማሪነት ተመድቤ፣ ሌሊት የማይበርድ አገር ግን እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

ከደሴ ወዲያ የወሰደኝ ጋሽ ተሰማ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እግሬ ወለል ስለማይደርስ በየጉድጓዱ እዘላለሁ። ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ አስቆመን።

«ይህች ልጅ የማን ናት?»

«የመንግሥት» አለ ጋሽ ተሰማ።

«አባቷን ነው የምጠይቅህ!»

«አስተማሪ ናት፣ ጌታዬ።»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየኝና «ስንተኛ ክፍል ነሽ፣ ሚጢጢዬ?» አለኝ። አፍሬ፣ ዲግሪዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። «ጥሩ ነው» አለ፤ «ታላቅ እህትሽ ራሷ የት አለች ታዲያ?»

የመጠን ነገር እንዲህ ነው፤ የወረስኩት ከእናቴ ነው። ቁመታችን አንድ፣ ትከሻችን አንድ፣ ክንዳችን አንድ። አንድ ቀሚስ ለሁለት ስንለብስ ኖረናል።

አሰብን እንዴት ልንገራችሁ? እኛ ቅቤ ለማቅለጥ እሳት ዳር እናስጠጋለን፤ እዚህ ቅቤ ቀልጦ ነው የሚውለው። ሊጡ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ኮምጥጦ ይጠብቃል። እኛ ማለዳ እስከ አፍንጫችን ተሸፋፍነን «እንዴት አደርሽ» እንባባላለን፤ እዚህ ሰዉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ እየተገላበጠ ያድራል። ውኃው ጨው ጨው ይላል። የሱፍ ካልሲዬን ሳይ ሳቄም እንባዬም ይመጣል።

የተከራየሁት ከወሎ መጥተው ሱቅ ከከፈቱት ከሸህ ሙሄ ነው። ክፍሉን ሲያሳዩኝ ነፋስ ያገኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሁሉንም ያገኛል፣ ልጄ። የባሕሩ ይቀቅልሻል፣ የበረሃው አሸዋ ይበትንብሻል። ለነፋሱ ኪራይ አልጨመርኩም።»

ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ ግን በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ሲያዞረኝ ራሴን በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው ጥላ ሥር አስተኙኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ልጃቸው ነኝ።

በጥቅምት መጨረሻ ጋሽ ተሰማ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጣ። ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ሲያልፍ እናቴ ዘንድ ጎራ ይላል።

«ደህና ናት» አለኝ። «ታማ መተኛቷን እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ ስለዚህ አልነገርኩሽም።»

ብርዱ ደረቷን መቷት ኖሯል። ሐኪም ቤት ያለው ድሬሰር «ሁለተኛ ከመታት እኔ አልችልም፣ ደረቷ ይሸፈን» ብሏል። እናቴ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ፣ ውርጩ ሣሩን እንዳነጣው፣ ላሟን ልታልብ ትወጣለች። ሁለት እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ጋቢው ከትከሻዋ ይንሸራተታል፤ የሚመልስላት ሰው የለም። ሌላ ሰው ይለብላት እንዳይባል፣ ላሟ ከእሷ በቀር ለማንም አትቆምም።

የሚያስፈልጋት ካፖርት ነው፤ እጅጌ ያለው፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ። ደብረ ብርሃን ገበያ ያለው የወንድ ነው፤ እሷ ስትለብሰው መሬት ይጠርጋል። አገር የሚለብሰው በአሰብ ያልፋል ሲባል ስለሰማሁ፣ ካለ እዚህ ይኖራል አልኩና ሸህ ሙሄ ሱቅ ገባሁ።

«ካፖርት? አስተማሪ፣ ወባ ያዘሽ እንዴ?»

ነገሩን ስነግራቸው ሳቁን ተዉት። ከመርከበኛ የገዙትን ጥቁር ካፖርት ከጥግ አወጡ።

«ልኳን በምን እናውቃለን?»

«ልኳ እኔ ነኝ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«እንግዲያው ልበሽው።»

በቀትር፣ ወንዶች በተቀመጡበት፣ እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። እጅጌው ከጣቶቼ አልፎ ተንጠለጠለ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«ሸህ ሙሄ፣ ድንኳን መሸጥ ጀመሩ?» አለ አንዱ።

«ሦስት እናት ይይዛል» አለ ሌላው።

በሳምንቱ ሸህ ሙሄ ሌላ አገኙ፤ የፈረንጅ ወንድ ልጅ ካፖርት ነው። እጅጌው ልክ፣ ርዝመቱ ልክ፤ ደስ አለኝ። ቁልፉ ግን ደረቴ ላይ እንቢ አለ። እትዬ ዘሀራ ወንዶቹን «ውጡ! ወላሂ፣ ሴት ስትለካ ምን ታያላችሁ!» ብለው አባረሩና «ጎንበስ በይ፣ እንደምታልቢ ሁኚ» አሉኝ። ጎንበስ ስል ጀርባው ተሰብስቦ ወገቤ ተገለጠ።

«አይሆንም» አሉ። «ይህን የሰፋው ሰው ሴት ደረትና ዳሌ እንዳላት አልሰማም። ወገቧን ብርድ ይብላት?»

እያለቀስኩ ወጣሁ። ትልቁ ለወንድ፣ ትንሹ ለልጅ፤ እናቴን የመሰለች ትንሽ ሴት በብርድ አገር ትኖራለች ብሎ ያሰበ ሰፊ የለም ማለት ነው? ኅዳር ገብቷል፤ ውርጩ ቀን አይሰጥም።

ሸህ ሙሄ ግን ከባሕሩ ማዶ ዓደን ላለ ወዳጃቸው መልእክት ልከው ኖሯል። አንድ ቀን በጀልባ አመድማ የሴት ካፖርት መጣ። ገበሩ ወፍራም፣ ትከሻው ጠባብ ነው። አንዲት ደቃቃ ሴት ከብርድ አገር ለብሳው መጥታ፣ ዓደን ስትደርስ አውልቃ ሸጠችው ብዬ አሰብኩ። ለበስኩት። ተቆለፈ። ጎንበስ አልኩ፤ ጀርባው አልተነሣም።

«ይሞቃል ግን?» አልኩ።

«አሰብ ውስጥ የማይሞቅ ነገር ካገኘሽ እኔ ራሴ እገዛዋለሁ!» አሉ ሸህ ሙሄ።

እትዬ ዘሀራ እጄን ይዘው፣ ካፖርቱን እንደለበስኩ፣ በመንደሩ መሐል ወደ ወደቡ ወሰዱኝ። ሰዉ በር በሩ ላይ ወጥቶ ያየኛል፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያ ያለው የበረዶ ፋብሪካ ጠባቂ ዓሣ የሚቀመጥበትን ክፍል ከፈተልንና ገባሁ።

እግሬ ወዲያው ቀዘቀዘ፣ ጆሮዬ ቆረጠኝ። ደረቴ ግን ሙቅ ነው፤ ወገቤም ሙቅ ነው። ስተነፍስ ከአፌ ጉም ወጣ። ጉም! ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በየማለዳው ከአፌ ይወጣ የነበረው፣ እናቴ ላሟን «ነይ እናቴ» ስትላት ከአፏ የሚወጣው። እዚያው ዓሣው መሐል ቆሜ እንባዬ መጣ።

«እህቴ፣ በረደሽ?» አለ ጠባቂው።

«አልበረደኝም።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ? ውጪ እንጂ!»

«ተዋት» አሉት እትዬ ዘሀራ፤ «አገሯ ገብታ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ያን ዕለት ስለሚነሣ፣ ካፖርቱን ከላዬ አውልቄ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የደብረ ብርሃኑ ስልክ ቤት እንዲጠራት ቀጠሮ አስይዤ እኔም ስልክ ቤት ሄድኩ። እናቴ ከዚህ በፊት በስልክ ተናግራ አታውቅም፤ ተራራ ላይ ቆማ እንደምትጣራ ትጮኻለች።

«አስካልዬ! አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ካፖርቱ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ፣ የኔ እናት! ልክክ አለብኝ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየው።»

«ሞቀሽ?»

መስመሩ ብቻ ይንሿሿል።

«እማዬ፣ ስታልቢ ትለብሺዋለሽ አይደል?»

«ሳጥን ውስጥ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለምን?»

«አንቺን አንቺን ይሸታል። ስከፍተው ላብሽ፣ ፀጉርሽ አለበት። ከብት ቤት ይዤው ከገባሁ ይጠፋብኛል።»

«እማዬ፣ ድሬሰሩ ምን እንዳለሽ ረሳሽው? ለሽታው አይደለም እኮ የላክሁልሽ!»

«አትቆጪኝ፣ ልጄ። መቼ ትመጫለሽ?»

«ሰኔ፣ ትምህርት ሲዘጋ። አሁን ግን ልበሽው፣ ነገ ጠዋት!»

«እንግዲያው ሰኔ እለብሰዋለሁ። አንቺ ካለሽ ሽታው ቢጠፋ ምን ቸገረኝ።»

ስልከኛው ጊዜው አለቀ አለ። «ልበሽው!» ብዬ ጮኽኩ፤ በስልክ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። እሷም አንድ ነገር አለች፤ መስመሩ ግን ተቆረጠ። እሺ ትበል እንቢ፣ አልሰማሁም።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ በማለዳ በግቢዋ በኩል ካለፋችሁ፣ በአጥሩ አሻግራችሁ እዩልኝ። አመድማ ካፖርት ለብሳ ስታልብ ካገኛችኋት ጻፉልኝ። በጋቢ ከሆነችም ግቡና ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ መልሱላት። ላሟን ብቻ እንዳታስደነግጡ፤ ሰው አትለምድም።