«ከነገ ጀምሮ አትምጣ» የሚለው ጅን

ዛሬ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ሰይድን ድንገት አገኘሁትና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን! ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን።

በደርግ ጊዜ ሐይቁ ዳር መጋዘን ሲሠራ አብረን የቀን ሠራተኞች ነበርን። ማታ «ነገ አትምጡ» ከተባልን በቃ፣ እንጀራችን ተቆረጠ ማለት ነው።

ሰይድ ደግሞ ምሳ ላይ አስፈሪ ተረት እየፈጠረ ያወራልን ነበር።

«ከሐይቁ ውስጥ አለቃ የመሰለ ጅን ይወጣል» አለን አንድ ቀን። «ትከሻህን ይዞ ‹ከነገ ጀምሮ አትምጣ› ካለህ፣ ቤትህ ስትገባ ሚስትህም አታውቅህም።»

ወላሂ፣ ትንፋሻችንን ውጠን ስንሰማ አንድ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ያዝ አደረገው።

«ስማ፣ ከነገ ጀምሮ...»

ዘልዬ ሐይቁ ውስጥ ገባሁ! ከነጫማዬ! (ዋና አልችልም። ደግነቱ ውኃው ከጉልበቴ አላለፈም።)

ለካ እውነተኛው አለቃችን ጋሽ ታደሰ ናቸው። «ምን ሆንክ አንተ? ሥራው ተራዝሟል፣ ከነገ ጀምሮ ማልዳችሁ ኑ ልላችሁ እኮ ነው!»

በደስታ ጨፈርን። ሰይድ ተረቱን ሲደግምላቸው ግን የጋሽ ታደሰ ፊት አመድ መሰለ።

«ተው ልጄ» አሉት፣ «እኔም እኮ ጊዜያዊ ነኝ!»

እናንተስ፣ ከሥራ እባረራለሁ ብላችሁ ስትሰጉ ምን ጉድ ሠራችሁ? እስቲ አውሩኝ፣ አብረን እንሳቅ።