ሦስት ሚኒባስ ተከታይ ያለው ባንድ

ካዛንቺስ ውስጥ ኢሞ እና ፖስት ሃርድኮር የሚባለውን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ማስረጃ የለኝም፤ ግን እስካሁን አይደለም ብሎ የመጣ ሰው የለም። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ላይ ነው የተለያየነው። ስምንተኛን ሁለቴ ስለተማርኩ ግን ሰው ሲጠይቀኝ ዘጠነኛ ነው የምለው።

ሥራዬ የታክሲ ረዳት ነው፤ ከካዛንቺስ በኦሎምፒያ አድርገን ወሎ ሰፈር። አንድ ቀን ተራ እየጠበቅን ስልኬ ላይ የተበላሸ ስፒከር እንዴት እንደሚጠገን እያየሁ ቪዲዮው አለቀና በራሱ ሌላ ከፈተ። አራት ልጆች መኪና ማሳደሪያ በሚመስል ቤት ውስጥ ቆመዋል። አንዱ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ያንሾካሹካል። ያንሾካሹካል፣ ያንሾካሹካል... ከዛ በቃ ጮኸ! እንግሊዝኛዬ ሃው ማች ላይ ስለሚያበቃ ምን እንዳለ አላውቅም። ግን ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር አቤት አለ።

ከዛ በኋላ አደን ገባሁ። ሚሊዮን ተከታይ ያለውንማ ማንም ያገኘዋል። እኔ አውራ ጣቴ እስኪያልበው ታች ወርጄ ማንም የማያውቃቸውን ነው የማወጣው። ብዛታቸውን የምለካው በራሴ ሚዛን ነው፤ ይሄኛው ሁለት አውቶብስ ተከታይ አለው፣ ያኛው አንድ ሃይገር። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ልጆች ግን እኔን ጨምሮ ሠላሳ ስድስት ሰው ብቻ ነው ያላቸው። ልክ ሦስት ሚኒባስ፣ ያለ ትርፍ። ስማቸውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ካወቀው እኔ በምን ልኩራ?

ያማረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ዘፈን በታክሲው ስፒከር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስማት። ሾፌራችን ደግሞ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ የሚያጫውታት አንዲት ፍላሽ አለችው። ለምኜ ለምኜ አንድ ቀን ስልኬን አገናኘሁ። ልጁ ሲጮህ ሾፌሩ ሰው የገጨ መስሎት ፍሬን ያዘ። ጋቢና የነበሩ አንድ ጋሼ ግንባራቸው መስታወቱን ከመሳም ለትንሽ ነው የተረፈው።

«ምንድነው ይሄ?» አለኝ ሾፌሩ፣ ሞተር አጥፍቶ።

«ሙዚቃ ነዋ!»

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ፣ «ይሄ ሰውዬ ዘመድ የለውም? ጸበል ቢወስዱት እኮ ይድናል።»

ታክሲው በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን አኮረፍኩ። ሾፌሩ ማኩረፌን ሲያይ ጊዜ ሕግ አወጣ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከኦሎምፒያ ስንነሳ እከፍታለሁ። አንድ ተሳፋሪ ዝጋ ካለ ይዘጋል። ሳይዘጋ ካለቀ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ስፒከሩ የኔ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሸነፍኩ። አንዷ ቆንጆ «ወንድም፣ ስልክህ ተበላሽቷል» አለችኝ። አንዱ ደግሞ «ልጁ ምን በድሏችሁ ነው የምታስለቅሱት?» ብሎ ዝጋ አለ። ሾፌሩ ወደ ፍላሹ በመለሰ ቁጥር ሆን ብሎ ያፏጫል።

አንድ ሐሙስ፣ የቢሮ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ሞልተን ከኦሎምፒያ ተነሳን። ከፈትኩ። ማንሾካሾኩ በሰላም አለፈ። ጩኸቱ ሲመጣ ከኋላ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ «ኧረ በፈጠራችሁ ዝጉልን!» አለ።

ሾፌሩ ማፏጨት ጀመረ። እጄ ወደ ስልኬ እየሄደ እያለ በሩ ጋ የተቀመጡ እትዬ ያዙኝ። ሹራብ የደረቡ፣ ፋይል ያቀፉ፣ ቀበሌ ቁጭ ብለው የሰው መታወቂያ የሚያድሱ የሚመስሉ ሴትዮ ናቸው።

«እንዳትዘጋው!»

«ይወዱታል እንዴ እትዬ?»

«እኔ እንጃ። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነው የዋልኩት። ሁሉም ደስ ብሎናል ሲል ነበር። ዛሬ የልቡን ሲናገር የሰማሁት ሰው ይሄ ብቻ ነው።»

ከረባቱም ሳይቀር ሳቀ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«አንድ ዝጋ፣ አንድ አትዝጋ። አሁን ምን ይባላል?»

«አንድ ለአንድ!» አልኩ። «ጨዋታው ይቀጥላል።»

ችግሩ የዛን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። ወሎ ሰፈር ደርሰን ከእትዬ በቀር ሰው ሁሉ ሲወርድ ዘፈኑ ገና ነበር። ተራ አስከባሪው በሩን በመዳፉ ደበደበው።

«ውረዱ እንጂ እናቴ! ሰው እየጠበቀ ነው!»

«አላለቀም፣» አሉት፣ ፋይላቸውን እንዳቀፉ።

አልተንቀሳቀሱም። ተራ አስከባሪው ወደ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ሰማ፣ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እጁን ከበሩ አነሳ። ልጁ የመጨረሻዋን ጮኸ፣ ጊታሩ ብቻውን ትንሽ ቆየ፣ አለቀ።

ሾፌሩ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «በላሃት፣» አለኝ።

በደስታ ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ስልካቸውን አወጡ። «ስማቸው ማን ነው?»

በዓለም ላይ የኔ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር ያ ስም ነበር። አላውቀውም ልላቸው አሰብኩ፤ ግን ሴትዮዋ ለኔ ብለው ታክሲ አስቁመዋል። ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል ገለበጡት።

በማግስቱ ተራ እየጠበቅን የልጆቹን ገጽ ከፍቼ አየሁ። ሠላሳ ሰባት። ሦስት ሚኒባስ ከነአንድ ትርፍ።