የቀበሌያችን መዝናኛ ለነጋዴ የተሰጠ ጊዜ

ጅማ ውስጥ፣ ከአወቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀበሌያችን አንድ መዝናኛ ክበብ ነበረው። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። በዚያ የሚያልፉት ልጆች ምን እንደነበረ አያውቁም፣ ቢነገራቸውም ግድ የላቸውም። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ያን ቤት ከመሠረቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ድንጋዩን ከወንዝ ያወጣነው፣ ጭቃውን የረገጥነው እኛ ነን። በደርግ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ የልማት ዘመቻ ነበር፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ስለዚህ ሁሉም ወጣ። ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጭድ ተሸከሙ። በግድ ወጥተን እየሳቅን ነበር የምንገባው። ይህን ስላልኩ ደርግን ያመሰገንኩ የሚመስለው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

እኔ አናጢ ነኝ። አግዳሚ ወንበሮቹንና የዳማ ገበታዎቹን የሠራሁት እኔ ስለነበርኩ ቁልፉም እኔ ዘንድ ይውል ነበር። ጠጠራችን የጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ቆርኪውን በፊቱ ይደረድራል፣ ሌላው ገልብጦ በጀርባው። አንድ ከረምቡላም ነበረችን። አረንጓዴ ጨርቋ ተቀዶ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጥፎት ነበር። ኳሷ የተጣፈው ላይ ስትደርስ ትዘላለች፤ የሰፈራችን ሰው ዝላይዋን አስልቶ ይመታል፣ ከኮሌጅ የሚመጡት ተማሪዎች ግን ሁልጊዜ ይሸነፋሉ። ቡና ሲደርስ ክበቡ ጭር ይላል፤ ግማሹ ሰው ከከተማ ወጥቶ የቡ ወደሚባለው የቡና አገር ለለቀማ ይሄዳል። ሲመለስ ጣቱ ጠቁሮ ገበታው ላይ ይታያል።

ልብስ ሰፊው የጅማ ተወላጅ ነው፣ ሙስሊም። ከአስር ሶላት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ይመጣና ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። «ያ ጃርሳ፣ ዛሬ እንዴት አድርጌ ልብላህ?» ይለኛል። ጃርሳ ማለት በኦሮምኛ ሽማግሌ ነው፤ እኔ ግን ከሱ በሁለት ዓመት አንስ ነበር። ዙሪያችን የቆመው ሁሉ አማካሪ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዱ የሚለው ለሌላው አይሰማም፤ እኛ ዝም ብለን ቆርኪ እንገፋለን። ገዝተህ ጠጣ፣ ካልጠጣህ ተነስ የሚል ሰው አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለ መቀመጫ የት አለ?

ሬዲዮው ቅይጥ ኢኮኖሚ ማለት በጀመረበት ጊዜ ስብሰባ ተጠራን።

«ጓዶች፣ ክበቡ ቀበሌውን እየጎዳ ነው። ጣራው ያፈሳል፣ ማሳደሻም የለንም። ለግል ሰው በጨረታ ይከራያል» አለ ሊቀመንበሩ።

እጄን አወጣሁ። «እኛ የሠራነውን ቤት ነው የምታከራዩት? ነጋዴ ቢይዘው ያልገዛ ሰው ያስቀምጣል ወይ?»

«ጓድ አናጢ፣ ቅር ካለህ አንተም ተጫረት» አለኝ። ሰው ሳቀ።

ያናደደኝ ሳቁ ነው። «እጫረታለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ስድስት ዳማ ተጫዋቾች ሆንን። መቀመጫችንን ላለማጣት ነው እንጂ ማናችንም ንግድ አናውቅም። ልብስ ሰፊው ሱቅ ተሰበሰብን።

«የኮሌጅ ልጅ ይጻፍልን። የጨረታ አጻጻፍ ያውቃሉ» አለ ልብስ ሰፊው።

«እኔ ምን ሆኜ?»

«አንተማ ፊደል የቆጠርከው ትናንት ነው።»

«ያውም እዚያው ክበብ ውስጥ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ መሠረተ ትምህርት የተማርኩት በራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚያ ቤት ሌላ ሰው እንዲጽፍ አልፈለግሁም።

«ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «በኋላ ግን አልነገርከኝም እንዳትል።»

ሦስት ቀን ጻፍኩ። ለቀበሌ የሚጻፍ ነገር እኔ የማውቀው ማመልከቻ ነው። ከላይ መፈክሩን አደረግሁ። ቀጥዬ ድንጋይ ማን እንዳወጣ፣ ውሃ ማን እንደቀዳ፣ ሚስማር ማን እንዳመጣ በየስማቸው ዘረዘርኩ። ጣራውን በጉልበታችን እናድሳለን፣ ሽንት ቤቱን በየተራ እናጸዳለን፣ ማንም ሰው ገዛ አልገዛ ሳይባል ይቀመጣል ብዬ፣ ክበቡ እንዲሰጠን በማክበር እናመለክታለን ስል ጨረስኩ። አምስታችን ፈረምን፣ አንዱ የጣት አሻራ አደረገ። የጨረታው ማስታወቂያ ታሽጎ ይቅረብ ይላል፤ የምናሽግበት ሰም የለንም። ልብስ ሰፊው ፖስታውን በስፌት መኪናው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሰፋው።

«አሁን ሰይጣንም አይከፍተው» አለ።

የጨረታው ቀን ሦስት ፖስታ ቀረበ። የኛን ሊቀመንበሩ ቢታገለው አልከፈት አለው። «ይሄ ጨረታ ነው ወይስ ትራስ?» ብሎ ምላጭ አስመጣ። ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ሰው ሲስቅ ነበር፤ ስሞቹ ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ከተጠሩት ውስጥ የሞቱ ነበሩበት። ሁለት ልጆቿ ጦር ግንባር የሄዱባት አንዲት ሴት የሷ ስም ሲነበብ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አሸነፍን ብዬ ነበር።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «ዋጋውስ?»

«የምን ዋጋ?»

«በወር ስንት ትከፍላላችሁ?»

«ለገዛ ቤታችን?» አልኩት።

በዚህ ጊዜ አንድም ሰው አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈው። «ጓድ፣ ይሄ ማመልከቻ ነው። ጨረታ ላይ የሚወዳደረው ዋጋ ነው።» ክበቡን በየቡ በኩል ቡና ይሰበስብ የነበረ ነጋዴ ወሰደው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልብስ ሰፊው እስከ አወቱ ድልድይ ድረስ ከፊቴ ፈጠን ብሎ ሄደ። «በል ተናገር» አልኩት።

«ምን ልናገር? ጽሑፍህ ጥሩ ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ነጋዴው ራሱ ወደ ክበቡ መጣ። ከኔ በጣም ያንሳል። «ጋሼ፣ ቁልፉን ልቀበልዎት ነው። እርስዎም ቢቆዩልኝ ደስ ይለኛል፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ዳማ ተጫዋቾቹ ሳይገዙ ይቀመጡ፤ እቆያለሁ።»

ወንበሮቹን በዓይኑ ቆጠረ። «ጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ ወንበሩን ለሚገዛ ሰው እፈልገዋለሁ።»

ዛሬ ሳስበው ክፉ ነገር አላለም። ያን ቀን ግን «የሠራሁትን ወንበር በሰዓት አትለካልኝም» ብዬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለትና ወጣሁ። ሌሎቹ እሺ አሉ። ልብስ ሰፊው ሥራውን ወደ ከሰዓት አዙሮ ጠዋት ጠዋት መሄድ ጀመረ። እኔ ክረምቱን ሙሉ በመንገዱ ማዶ ነበር የማልፈው። ነጋዴው ጣራውን አደሰ፣ ለከረምቡላዋ አዲስ ጨርቅ አለበሳት፤ የኮሌጅ ተማሪዎች ማሸነፍ ጀመሩ ሲሉ ሰማሁ።

መስከረም ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሥራ ቦታዬ መጣ።

«እስከ መቼ ነው?»

«እሱ እስኪወጣ።»

«ወላሂ እሱ አይወጣም። እኔ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር መጫወት ሰልችቶኛል። እንዳንተ የሚሸነፍ አጣሁ።»

መላጊያዬን አስቀምጬ ተከተልኩት። ወንበሮቼ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው እዚያው ናቸው። ነጋዴው ከባንኮኒው ጀርባ በአንገቱ ሰላም አለኝ፤ የቁልፉን ነገር አላነሳም። ዳር የቆሙት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ወዲያው ደግሞ መምከር ጀመሩ። ስንት ወር ሙሉ በማዶ ያለፍኩት ይሄን የድሮ ጨዋታ ላለማየት ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲል አስተናጋጇ መጥታ አጠገባችን ቆመች። ልብስ ሰፊው ሁለት ዳማ አስገብቷል፣ እኔ ሦስት ቆርኪ ብቻ ቀርቶኛል።

«ደንብ ደንብ ነው» ብዬ ቀድሜ ተነሳሁ።

ልብስ ሰፊው ቆርኪዎቹን ወደ ኪሱ እየሰበሰበ ቀና ብሎ አየኝ። «አልሐምዱሊላህ በል» አለኝ። «ዛሬ ነጋዴው አዳነህ።»