ማጣሪያው የዋጠው ስም

በሙታሬ ከተማ በአንድ የነርሶች ማሠልጠኛ የኢሜይሉ ኃላፊ የሆኑትን ሰው ሁላችንም ባባ ማዝቪታ እንላቸዋለን፤ የማዝቪታ አባት ማለት ነው። ኮምፒውተር ያስተማራቸው የለም። የተጣለ ማሽን እየፈቱና እየገጠሙ፣ ያገኙትን መጽሐፍ እየደጋገሙ ነው የተማሩት። እሑድ እሑድ እኔና እሳቸው ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ሲጸልዩ ከልመናቸው ምስጋናቸው ይበዛል።

አንድ ዓመት ማሠልጠኛውን አይፈለጌ መልእክት አጥለቀለቀው። «ሽልማት ወጥቶልዎታል»፣ «ውርስ ይጠብቅዎታል» የሚል ብቻ። አንዲት አሮጊት አስተማሪ ከመታለል ለጥቂት ተረፉ። ርእሰ መምህርቷ ባባ ማዝቪታን ጠርተው፣ «ይህን ቆሻሻ ዳግመኛ እንዳላየው» አሏቸው።

የዓመቱ ማመልከቻ ገብቶ አልቆ ነበር፤ እሳቸውም ማጣሪያው ላይ አዲስ ትእዛዝ ጨመሩ። ከማይታወቅ አድራሻ የመጣ መልእክት፣ ርእሱ ላይ ሽልማት፣ ስጦታ ወይም ሀብት የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከያዘ ይጥፋ። ወደ ላኪው አይመለስ፣ በአይፈለጌ ሳጥንም አይቀመጥ፤ ዝም ብሎ ይጥፋ። ቢሮው ጸጥ አለ። ባባ ማዝቪታም ተመሰገኑ።

እዚህ አገር ግን ሰው ልጁን የሚጠራው በእነዚሁ ቃላት ነው። ፕራይዝ፣ ጊፍት ወይም ፎርቹን የሚባል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ባባ ማዝቪታ የአጭበርባሪ ደብዳቤ ሲያገላብጡ ሰንብተው፣ ቃላቱ የሰው ስም መሆናቸው ከልባቸው ወጣ።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት አንዲት ልጅ ብርድ ልብሷንና ሣጥኗን ይዛ ከቺፒንጌ መጣች። ስሟ ፎርቹን ሙያምቦ ነው። ጸሐፊው ሎቭሞር አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«ተቀብለንሽ ነበር። እመጣለሁ ብለሽ በኢሜይል ስላላረጋገጥሽ ቦታሽ ለተጠባባቂ ተሰጠ።»

«አረጋግጫለሁ እኮ። ዝም ስትሉኝ ደግሜም ላክሁ።»

«እህቴ፣ ልኬያለሁ የማይል ማን አለ?»

ባባ ማዝቪታ ከጓዳቸው ሆነው ሰሟት። «ነይ ልጄ፣ አጠገቤ ቁጭ በይና ከስልክሽ ላኪልኝ እስቲ» አሏት።

ላከች። ስልኳ መልእክቱ ሄዷል ይላል፤ በማሠልጠኛው ሳጥን ግን የለም። የአይፈለጌውን ሳጥን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ኔትወርክ ይሆናል ብለው ከራሳቸው ስልክ ላኩ፤ ወዲያው ገባ።

«ርእሱ ላይ ምን ጻፍሽ?»

«ስሜን ነዋ፣ ባባ። ሙሉ ስማችሁን ርእሱ ላይ ጻፉ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም?»

«እስቲ ስምሽን አጥፊና ላኪው።»

ገባ።

ባባ ማዝቪታ የማጣሪያውን ትእዛዝ ከፈቱ፤ ፎርቹን የሚለው ቃል እዚያው ተቀምጧል። ሎቭሞር ከኋላቸው ቆሞ፣ «‹አብልጠህ ውደድ› የሚለውን የእኔንም ስም ጨምረውበት ይሆን? እኔማ ሰው ለምን አይጽፍልኝም እል ነበር» አለ። የሳቀለት ሰው የለም።

«ደብዳቤሽ ደርሶ ነበር፣ ልጄ» አሉ ባባ ማዝቪታ። «ሳይነበብ የጣልሁት እኔ ነኝ።»

ርእሰ መምህርቷ ዘንድ ይዘዋት ገቡ፤ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑንም ተናገሩ። ርእሰ መምህርቷ አዘኑ። ነገር ግን በቦታዋ የገባችውም ልጅ የሰው ልጅ ናት፤ እንዴት ትባረር? «በሚመጣው ዓመት ታመልክት» ብለው ዘጉት። ፎርቹን አላለቀሰችም። ሣጥኗን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የተሸከሙላት ባባ ማዝቪታ ነበሩ።

በዚያው ቀን ትእዛዙን ሰረዙ። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያው የጠረጠረውን ሁሉ ለብቻው ያስቀምጣል፤ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ በዓይናቸው ያዩታል። የጠፋውን ግን መመለስ አልተቻለም። ከእሷ ሌላ ስንት ሰው መልስ ሲጠብቅ እንደ ቀረ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ዓመቱ ዞሮ ማመልከቻ ሲከፈት ፎርቹን የተባሉ ብዙ ሰዎች ጻፉ፤ ሙያምቦ የምትባለው ግን የለችም። ባባ ማዝቪታ ማጣሪያውን ደጋግመው ፈተሹ፤ ደህና ነው። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍረው ቺፒንጌ ወረዱ። ከሻይ ለቀማ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኟት።

«ምነው ሳትጽፊ ቀረሽ? አሁን እኮ ይደርሳል።»

«እናቴ ታማለች፣ ባባ። አምና ደህና ነበረች፤ እህቴም ገና አላገባችም ነበር። ዘንድሮ ለማን ትቻት ልምጣ?»

ወደ ቤት ወሰደቻቸው። እናቲቱ ከተኙበት ቀና ብለው፣ «የሙታሬ እንግዳ ይመጣል ብላ መች ነገረችኝ? ሳድዛውን ያለ ዶሮ ልታበላዎት ነው» አሉ። ባባ ማዝቪታ የበቆሎ ገንፎውን ያለ ዶሮ በሉ። «አምና ደህና ነበረች» የምትለዋ ቃል ግን ከልባቸው አልወጣ አለች፤ ይህን የነገሩኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ዛሬም የማመልከቻው ወቅት ሲደርስ ቺፒንጌ ይደውላሉ። «እናቴ ገና አልተሻላትም» ትላቸዋለች። እኔም ከዚያ ወዲህ እናቲቱን በጸሎቴ አስባቸዋለሁ። እግዚአብሔር ያነሣቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ልጅቱም ያን ጊዜ ትጽፋለች።